የጓሮ ዱባ ሲጠወልግ ምክንያቱን የመለየት አሠራር፤ ለድሬዳዋና ለሐረር አትክልተኞች

ድሬዳዋ ላይ የዱባ ቅጠል በቀትር ፀሐይ መጠውለጉ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። የዱባ ቅጠል እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በዚህች ሞቃት ከተማ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ ከአፈር ከሚስበው የበለጠ ውኃ በቅጠሉ በኩል ይተናል፤ ተክሉም ቅጠሉን ወደ ታች አጥፎ ከፀሐይ ይሸሻል። ይህን ያየ አትክልተኛ ደንግጦ ውኃ ይጨምራል፤ በማግስቱም እንደዚያው ሲሆን እንደገና ይጨምራል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከገበያ ስሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። በእኔ ግምት በጓሮ ከሚሞተው ዱባ ብዙውን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ይህ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን፤ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ አፈሩ፣ ከዚያም የግንዱ ሥር፣ ሥሩ ራሱ፣ በመጨረሻም ቅጠሉ ይታይ። ቅጠል ቶሎ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ሰው ከእርሱ ይጀምራል፤ የመጠውለግ ምክንያት ግን በአመዛኙ ከመሬት በታች ወይም ከመሬቱ ጋር እኩል በሆነው ቦታ ነው የሚገኘው።

አንደኛ፤ ተክሉን በንጋት ይመልከቱ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ጓሮ ይውጡ። ትናንት ከሰዓት ጠውልጎ የነበረው ቅጠል ቀና ብሎ፣ አገዳው ጠንክሮ ካገኙት ተክሉ በአብዛኛው ጤነኛ ነው፤ የሚያስፈልገው ጉዝጓዝና ምናልባትም በቀትር የሚያስጠልለው ነገር ብቻ ነው። በሐረርጌ በቀላሉ የሚገኘው የማሽላ አገዳ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ተቆራርጦ ከተክሉ ዙሪያ ቢነጠፍ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ በምዕራብ በኩል ተደርድሮ ቢቆም ደግሞ የከሰዓቱን ፀሐይ ይመክታል። የጫት ገራባ በየሰፈሩ የሚትረፈረፍ ቢሆንም ጫት ላይ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ ስለሚረጭ፣ ምንጩን በእርግጠኝነት ካላወቁ በስተቀር ከሚበላ አትክልት ሥር ባይጎዘጎዝ እመርጣለሁ።

ተክሉ በንጋትም ጠውልጎ ከተገኘ ግን እውነተኛ ችግር አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከመንካትዎ በፊት የጠወለገው ምን ያህሉና የትኛው ክፍል እንደሆነ በጥሞና ይለዩ። በጓሮው ያሉት ዱባዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከጠወለጉ ምክንያቱ የጋራ ነው፤ ውኃ፣ አፈር ወይም የፈሰሰ ኬሚካል ይጠረጠራል። ከብዙዎቹ መካከል አንዱ ብቻ ሲጠወልግ ግን በዚያ ተክል ሥር ወይም ግንድ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ። ከአንድ ተክል አንዱ ሐረግ ብቻ ተለይቶ ከደረቀ ጉዳቱ በዚያው ሐረግ ላይ ስለሆነ ከጫፉ ጀምረው ወደ ኋላ እየተከተሉ የተቆረጠበትን፣ የተረገጠበትን ወይም ፍየል የነካካውን ቦታ ይፈልጉ። ከግንዱ አጠገብ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ሆነው የሚረግፉ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እርጅና ነው፤ ፍሬ ያንጠለጠለ ዱባ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ይጥላል፣ ይህም አያሳስብ።

ሁለተኛ፤ አፈሩን በጣት ይፈትሹ

ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ጣትዎን ወይም ቀጭን እንጨት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስገቡ። ላዩ ደርቆ ከውስጥ እርጥበት ካለ ውኃ አይጨምሩ። እስከ ታች ድረስ ደረቅ ከሆነ ጥማት ነው፤ ጥማት ከሆነም ውኃ በጠጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ማግስቱ ንጋት ይነሣል። ውኃ ጠጥቶም በማግስቱ ያልተነሣ ተክል ችግሩ ጥማት ስላልሆነ ውኃ መደጋገሙን ያቁሙ።

ድሬዳዋ ውስጥ ጎርፍ ያመጣው አሸዋማ አፈር ባለበት ጓሮ ውኃ ቶሎ ይሰርጋል፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ማርከፍከፍ ደግሞ ሥሩን ከላይ ስለሚያስቀረው ፀሐይ ሲበረታ ተክሉን ያጋልጠዋል። ከዚህ ይልቅ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በማለዳ ለአንድ ትልቅ ተክል አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ያህል ቀስ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ ቂጡን ቆርጦ በአፉ ከተክሉ አጠገብ መትከል ውኃው እየተንጠባጠበ እንዲዘልቅ ያደርጋል። በሐረር ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ከተማዋ ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ቀዝቀዝ ትላለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሸክላ የበዛበት አፈር ውኃ ሲያቁር ሥሩ አየር ያጣና ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል። የተጠማና የታፈነ ዱባ ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሚለያቸው ይኸው የጣት ፍተሻ ብቻ ነው። ለታፈነው ውኃው የሚወርድበት ቦይ ይክፈቱለት፤ በቀጣዩ ዘመን ደግሞ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉ። በጆንያ፣ በአሮጌ ጎማ ወይም በበርሜል የሚተክል ሰው የውኃ መውጫው ቀዳዳ በጭቃ አለመደፈኑን ያረጋግጥ።

በዚሁ ደረጃ ላይ ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ሰሞኑን በዚያ በኩል የልብስ እጣቢ የደፋ ሰው ይኖር ይሆን? ኦሞና በረኪና ያለበት እጣቢ፣ እንዲሁም ያልበሰለ ትኩስ የፍየል ፍግ በግንዱ ዙሪያ ሲከመር የቅጠሉን ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ያደርጋል፤ ተክሉም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊጠወልግ ይችላል። ፍጉን ያንሱ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ በደንብ አጥለቅልቀው አፈሩን ይጠቡ።

ሦስተኛ፤ የግንዱን ሥር ገልጠው ይዩ

አፈሩ መልካም ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግንዱ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣት ወይም በማንኪያ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀስ ብለው ይግለጡ። የምርመራው ዋና ቦታ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉበት። ጤነኛ ግንድ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ አረንጓዴ ሲሆን በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ነው።

ግንዱ ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ፣ ልስልስ ብሎና እንደ ራሰ ገመድ ተፈትሎ ከተገኘ የግንድ ሥር መበስበስ ነው፤ ፉሳሪየምን የመሳሰሉ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ያመጡታል። ከመሬቱ ጋር እኩል ግንዱን የከበበ ጥጥ መሰል ነጭ ድር፣ በላዩም ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ መጀመሪያ ነጭ ኋላ ቡናማ የሆኑ ክብ ነገሮች ከታዩ ደግሞ ስክለሮሺየም የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ አፈር ይስማማዋል። እነዚያ ጥቃቅን ክቦች በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞቱ ስለሚቆዩ ተክሉን ሲነቅሉ በዙሪያው ያለውን አፈር ጭምር አንድ ሁለት አካፋ ዝቀው በጆንያ ያውጡት እንጂ አይበትኑት። ለሁለቱም ግንዱ ከተበላ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ግንዱ ግማሹ ብቻ ከተነካ ግን አንድ የሚሞከር ነገር አለ። ዱባ ከየአንጓው ሥር የማውጣት ችሎታ ስላለው መሬት ላይ የተዘረጋውን ጤነኛ ሐረግ ከበሽታው ርቆ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ላይ አፈር አልብሰው፣ በዚያ ቦታ ዘወትር እርጥበት እንዲኖር ያድርጉ፤ ሥር ከያዘ ዋናው ግንድ ቢሞትም ሐረጉ ፍሬውን ሊያደርስ ይችላል። ይህንን ጤነኛ በሆኑት ላይም አስቀድሞ ማድረግ አይጎዳም።

ችግኝ ከሆነና በንጋት ከመሬቱ እኩል ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። በዙሪያው ያለውን አፈር በጣት ቢጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ያገኛሉ፤ እርሱን ማጥፋትና የቀሩትን ችግኞች ግንድ በወረቀት ወይም ከሃይላንድ በተቆረጠ ቀለበት መክበብ ይበቃል። ግንዱ ላይ የተለጠፈ የጭቃ መሿለኪያ ካለ ምስጥ ገብቷል፤ ምስጥ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀውንና የደከመውን ተክል ስለሚመርጥ ከውኃ እጥረት ጋር አብሮ ይመጣል። ለምስጥ አመድ መበተን በአገራችን የተለመደ ነው፤ ዙሪያው የኖራ ድንጋይ ተራራ በሆነው በድሬዳዋ ግን አመድ ኖራ የበዛበትን አፈር ይበልጥ ስለሚያባብሰው ከልክ ባያልፍ ይመከራል።

ኢንተርኔት ላይ የዱባ መጠውለግ ሲፈለግ በቅድሚያ የሚመጣው ግንድ ውስጥ ገብቶ እንደ ሰጋቱራ ያለ ነገር የሚተፋ ትልና በጥንዚዛ የሚተላለፍ የባክቴሪያ መጠውለግ ነው። ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ አትክልተኞች ዋና ራስ ምታት ናቸው፤ የእኛ ጓሮ ዱባ ሲጠወልግ ቀድመው ሊጠረጠሩ አይገባም። በምላጭ ግንዱን ሰንጥቆ ትል መፈለግ ጤነኛ ተክል መግደያ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

አራተኛ፤ ከሞተው ተክል ይማሩ

ተስፋ የሌለውን ተክል ቀስ ብለው ከነሥሩ ይንቀሉና በባልዲ ውኃ አፈሩን ያጥቡ። ከሥሩ በላይ ያለውን ግንድ አንድ ስንዝር ያህል በቢላዋ ለሁለት በቁመቱ ይሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ ወይም ነጣ ያለ አረንጓዴ ከሆነ የውኃ መተላለፊያዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ከቅርፊቱ በታች ቡናማ መስመሮች ከታዩ ግን ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ቧንቧዎቹን ደፍኗቸዋል። የደፈናቸው ባክቴሪያ መሆኑን ለማወቅ ከተቆረጠው ግንድ አንድ ቁራጭ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉ ብቻ እንዲነካ አድርገው ያንጠልጥሉ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነጭ ጢስ መሰል ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ይህ ፍተሻ ከዱባ ይልቅ ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለድንች የሚጠቅም ስለሆነ በጓሮዎ እነርሱም ካሉ ያስታውሱት።

ከዚያ ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ፀጉር መሰል ቅርንጫፍ የበዛበት ነው። የታፈነ ሥር ቡናማ ሆኖ ይሸታል፤ ሲስቡትም ላዩ ተልጦ መሐል ክሩ ብቻ ይቀራል። ሥሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ካሉ፣ እብጠቶቹም ከሥሩ ላይ ተለይተው የማይነሡ የሥሩ አካል ከሆኑ፣ ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትል ነው። ኔማቶድ ሞቃትና አሸዋማ አፈር ስለሚወድ ድሬዳዋ የተመቸችው ናት። የያዘው ተክል በአንድ ቀን አይሞትም፤ እየቀጨጨ፣ በቀትር ከጎረቤቶቹ ቀድሞ እየጠወለገ፣ ማዳበሪያ ሲሰጠውም ሳይለወጥ ይቆያል።

ለኔማቶድም ሆነ ለአፈር ፈንገስ የድሬዳዋ ሙቀት ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በግንቦትና በሰኔ መደቡን ቆፍረው፣ አለስልሰውና ድንጋዩን ለቅመው ውኃ በደንብ ያጠጡት፤ በላዩ ቀጭን ጥርት ያለ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ አጥብቀው ዘርግተው ጠርዙን ዙሪያውን በአፈር ይቅበሩና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይተዉት። ጥቁር ፕላስቲክ አፈሩን የዚያን ያህል አያሞቀውም። ፕላስቲኩ ከተነሣ በኋላ በጥልቀት አይቆፍሩ፤ ያልሞቀው የታችኛው አፈር ከነትሉ ወደ ላይ ይወጣልና። በዚያው ቦታ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሐብሐብ አይከተል፤ የግንድ መበስበስ የታየበትን መደብ ደግሞ ለ3 ዓመት ያህል ለበቆሎ ወይም ለማሽላ መስጠት ይሻላል።

አምስተኛ፤ አሁን ቅጠሉን ይመልከቱ

ቅጠል ላይ ነጭ ነገር ያየ ሰው ሁሉ በሽታ ነው ይላል። አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች ግን ሲፈጠሩ ጀምሮ በቅጠላቸው ደም ሥር መገናኛ ላይ ብር መሰል ነጭ ነጠብጣብ አላቸው። በእርጥብ ጣት አሽተው ይሞክሩ፤ ጣትዎ ላይ ዱቄት ከቀረ ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ፈንገስ ነው፣ ካልቀረ የተክሉ መልክ ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ቆይቶ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰውና ያደርቀዋል። ዝናብ ባይኖርም ይስፋፋል፤ ጥላና መጨናነቅም ያግዘዋል። የተጠቁትን አሮጌ ቅጠሎች ቆርጠው ካስወገዱ በኋላ አንድ እጅ ወተት ከ9 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው በሳምንት አንድ ጊዜ በማለዳ የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ ይርጩ፤ በሽታው ገና ሲጀምር ከሆነ ይሠራል። ድኝም ይረዳል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ቅጠሉን ስለሚያቃጥል በድሬዳዋ ለአብዛኛው ዓመት አይሆንም፣ በሐረር በጥንቃቄ ይቻላል።

በሐረር የክረምት ወራት የሚበዛው ሌላ ነው፤ ከላይ በደም ሥሮች የታጠሩ ባለ ማዕዘን ቢጫ ነጠብጣቦች፣ ከቅጠሉ ጀርባ ደግሞ በማለዳ እርጥበት ግራጫ ሻጋታ ከታዩ ዳውኒ ሚልዲው ነው። ቅጠሉ ማታ ረጥቦ እንዳያድር ማድረግ፣ ማለትም ሐረጉን ማሳሳትና ውኃ ከሥር ብቻ ማጠጣት፣ ከሚረጨው ነገር ሁሉ ይበልጣል።

ቀጥሎ የቅጠሉን ጀርባ ይገልብጡ። የስልክ ካሜራ አቅርቦ ማንሣት እንደ አጉሊ መነጽር ያገለግላል። ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን የነጣ ነጥብ ብቻ ካለ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ነው፣ በደረቁ ወራት ይበረታል፤ የቅጠሉን ጀርባ በኃይለኛ ውኃ ማጠብ ይቀንሰዋል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ደግሞ በለጋው ጫፍ ይሰበሰባሉ፤ ጉንዳን ሐረጉ ላይ ሲመላለስ ካዩ ክሽክሹን በዚያ ይፈልጉት።

ለእነዚህ ሦስቱ በየመንደሩ ያለው ኒም ይበቃል። የደረቀውን የኒም ፍሬ ዘር 50 ግራም ያህል ወቅጠው በ1 ሊትር ውኃ ያሳድሩት፤ በጨርቅ አጥልለው ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ይርጩ። ሳሙና ብቻውን በ1 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ተደርጎም ክሽክሽ ይገድላል፤ የድሬዳዋ ውኃ ግን በማፍያ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ኖራ የበዛበት ስለሆነ ሳሙናው ረግቶ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የዝናብ ውኃ ያጠራቅሙ፣ ወይም ኒሙን ይመኑ። ኦሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል።

ለጋው ቅጠል ተጨማድዶ፣ አረንጓዴና ቢጫ ተዥጎርጉሮ፣ አንዳንዴም እንደ ክር ከቀጠነ ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም። ክሽክሽ ቫይረሱን በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያስተላልፍ ከታየ በኋላ የሚረጭ ፀረ ተባይ የቀሩትን አያድንም፤ የታመመውን ቶሎ መንቀል ግን ያድናል። ከዚያ ተክል የደረሰውን ፍሬ መብላት ሰው አይጎዳም፤ ዘሩን ግን አያስቀምጡ። ለጋው ቅጠል ሳይጨማደድ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ቫይረስ ሳይሆን ኖራው ብረት ስለከለከለው ነው፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይስጡት፣ አመድ ይከልክሉት።

ፍሬውን በተመለከተ በአጭሩ፤ እንደ እንቁላል ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ትንሽ ዱባ በአብዛኛው ያልተዳቀለ ነው። ወንዱን አበባ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቆርጠው የአበባውን ቅጠል ከላጡ በኋላ በሴቷ አበባ መሐል ይንኩት። ቆዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ምልክትና የደረቀ ጠብታ ካለ፣ ሲቆረጥም ነጭ ትል ከተገኘበት፣ በእንግሊዝኛ ስሟ ሳይቀር ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዘችው የፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ጥላበት ሄዳለች። እንዲህ ያለውን ፍሬ ሜዳ ላይ አይጣሉ፤ በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ አዲሶቹን ገና ሲቋጥሩ በጨርቅ ይሸፍኗቸው።

ምክንያቱ ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተለየ፣ ስም በሌለው ጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት ከመግዛት ይልቅ ናሙና ወደ ቅርብ የግብርና ባለሙያ ይውሰዱ። ሙሉ ተክሉን ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ ሞቶ ሳይደርቅ ገና በመጠውለግ ላይ እያለ በማለዳ ይንቀሉ፤ ሥሩን በፕላስቲክ፣ ቅጠሉን ለብቻው በጋዜጣ ይጠቅልሉ። ቅጠልን በፕላስቲክ ካሸጉት በድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ራሱ ይበሰብስና በሽታው የትኛው እንደነበር አይታወቅም። በወረቀት ላይም የተተከለበትን ወር፣ መጠውለግ የጀመረበትን ቀን፣ በምን ያህል ቀን ልዩነት እንደሚጠጣና እስካሁን የተረጨበትን ሁሉ ጽፈው አብረው ያስይዙ።